አባትሽ እያየሽ ነው

ግርምዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩን ጤና መጠየቅ ደንብ ነው። ያንተን ምን ብዬ እንደምጠይቅ ስላላወቅኩ ዘልዬዋለሁ። ከተለየኸን ትናንት ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ የዕድሩ ወንበርና ድስት ተመልሶ ቤቱ ጭር ብሏል። ዛሬ ሱቅ አልገባሁም። ከመስኮት ሥራህ ከተራረፈ አሉሚኒየም በሠራሃት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። አንድ እግሯ እስከ ዛሬ ይነቃነቃል፤ «ነገ አጠብቀዋለሁ» እንዳልክ ቀረህ።

የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ ብቻ እንዳይመስልህ። ተናድጄ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስናደድ ነው የከረምኩት። «ትዕግሥት ብሎ ስም ያወጣልሽ ሰው ሳያይሽ ነው» እያልክ ትስቅብኝ ነበር፤ እውነትህን ነው፣ ትዕግሥቱ ከስሜ አልፎ ወደ ውስጥ አልገባም። ይሄንን ንዴት ግን አንተም ብትሆን አትችለውም ነበር። ስምህን አጥፍተውታል፣ ግርማ። ሌባ ነው፣ ሰካራም ነው ብለው ቢሆን ግድ አልነበረኝም፣ የሚያውቅህ ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። ያጠፉት በገዛ ልጅህ ዘንድ ነው። ሄራን ላይ ጅብ አድርገውሃል።

ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አንተ ካረፍክ በኋላ እህትህ እትዬ አስካለ ከደብረ ሲና ጓዛቸውን ጠቅልለው እኛ ጋ ገቡ። ዶሮዎቻቸውን ሳይቀር ለጎረቤት ሰጥተው ነው የመጡት። እኔ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር መጋረጃ ስሸጥ ልጅቷን ማን ይይዝላታል ብለው ነው። ይሄን ውለታ አልክድም። እናታችሁ ስትሞት አንተን ያሳደጉህ እሳቸው ናቸው፣ ሄራንን ደግሞ ያንተ ምትክ አድርገው ነው የሚያዩዋት። ጸጉሯን ሲያበጥሩ ያ ሸካራ እጃቸው እንዴት እንደሚለሰልስ ብታይ። ጥርሳቸው የማይችለውን ቆሎ ለእሷ ብለው ይቆላሉ። ይወዷታል፣ ነገሩን ያከበደብኝም ይሄው ነው። የማይወድህ ሰው ልጅህን ቢያስፈራራ በሩን ታሳየዋለህ። የሚወዳትን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ?

ለአርባህ ያጎትህ ልጅ ፎቶህን አሳድጎ፣ ወርቃማ ፍሬም አስገብቶ አመጣልን። የቱን ፎቶ መሰለህ? ለንግድ ፈቃድ ብለህ የተነሳኸውን፣ ክራባት ከፎቶ አንሺው የተዋስክበትን። ሰውየው «ጥርስህን ሰብስብ» ስላለህ ሳቅህን ውጠህ፣ ቅንድብህን ቋጥረህ እንደ ዳኛ ያፈጠጥክበትን። ስንት የሳቅክበት ፎቶ እያለህ ለሙት የሚሆነው የተኮሳተረው ነው ተባለ። እሱንም ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ጣሪያው ሊነካው ጥቂት ሲቀር ሰቀሉት። አንተ ራስህ ያን ሁሉ ቁመት ይዘህ አንጋጠህ የምታየው ቦታ ነው። ሐዘንተኛ ነበርኩና ተውኩት።

ከዚያ አንድ ቀን ሄራን ወተቷን ደፋች። እትዬ አስካለ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው «አባትሽ እያየሽ ነው» አሏት። ልጅቷ ቀጥ አለች። ሽቅብ አይታህ፣ አይታህ፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ ጨርቅ ልታመጣ ሄደች። ክፋቱ መሥራቱ ነው። ባይሠራ ኖሮ ይተዉት ነበር።

ከዚያ በኋላማ ምን ትጠይቀኛለህ። ጉርሻ እምቢ ስትል አባትሽ እያየሽ ነው። ቀን አልተኛም ስትል አባትሽ እያየሽ ነው። ከታችኛው ፎቅ ያሉት ሴትዮ ደረጃ ላይ ስትሮጥ ሲያገኟት «አባትሽ ከላይ ሆኖ ይቆጣል» ይሏታል። የብሎኩ ጥበቃ ጋሽ መኩሪያ እንኳ፣ ያ አንተ በቀን ሁለቴ ሲጋራ የምትሰጠው፣ ልጆች ውኃ ታንከሩ ጋ ሲጫወቱ ሌሎቹን በዱላው እያስፈራራ ሄራንን በአንተ ያስፈራራታል። ሰፈሩ በሙሉ ያለ ደሞዝ ዘበኛ አድርጎ ቀጥሮሃል። በሕይወት ሳለህ አንድ መስኮት ያላሠራህ ሁሉ ከሞትክ በኋላ ሲያሠራህ ይውላል።

ትምህርት ቤቷም ገባበት። አንድ ቀን ልወስዳት ስሄድ ሚስ፣ ያቺ ቀጭኗ መምህርቷ፣ እጇን ይዛ «ፊደሉን ካልጨረስሽ አባትሽ በሰማይ ያዝናል» ስትላት ደረስኩ። ለብቻዋ ጠርቼ ጠየቅኳት። በትሕትና ነው የመለሰችልኝ። «የአባቷን ስም ስንጠራባት ቶሎ ትሰማለች፤ እኛ እኮ ዱላ አንጠቀምም» አለችኝ። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ልጆችን በፍቅር እንምራ የሚል በባለቀለም ወረቀት የተቆረጠ ጽሑፍ ተለጥፏል። ዱላን መተው ማለት በሙት መገረፍ ከሆነ ዱላው ይሻላት ነበር አልኳት። ደነገጠች። ሄራንን አቅፌ ወጣሁ።

በአንተ ስም ነው እኮ፣ ግርምዬ። በሌላ በማንም ስም ቢሆን እንዲህ አልቃጠልም። ያን ድምፅህን ይዘህ፣ ሦስተኛ ፎቅ ሆነህ ጋሽ መኩሪያን ስትጠራው መንገደኛ ሁሉ ቀና የሚልልህ ሰው፣ ለልጅህ አንድ ቀን ጮኸህ አታውቅም። ልታናግራት ስትፈልግ እንደሚታጠፍ ሜትር ራስህን አጣጥፈህ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለህ። ዓይንህ ከዓይኗ እኩል ሳይሆን ቃል አትናገራትም ነበር።

ለቡ መብራት ኃይል፣ ያ ሱቅ በር ላይ የሆነውን ታስታውሳለህ? ብስኩት ካልተገዛልኝ ብላ አስፋልት ዳር ራሷን ስትጥል። ሰው ቆሞ ያያል። አንዲት ሴትዮ «መድኃኒቷ አንድ ጥፊ ነው» አሉ። እኔ አፍሬ የማላውቃችሁ መስዬ የሱቁን ቲማቲም መምረጥ ጀመርኩ። አንተ ያን የሥራ ሱሪህን ለብሰህ አጠገቧ አቧራው ላይ ተቀመጥክ። ብስኩቱን ፈልገሽ ነበር፣ ዛሬ ግን አንገዛም፣ ብትናደጂ አልፈርድብሽም፣ እስክትጨርሺ እዚሁ ነኝ አልካት። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ሲደክማት ተነስታ ጀርባህ ላይ ወጣች። ሰው ማባበል ይመስለዋል። ማባበል አልነበረም፤ ብስኩቱ አልተገዛም። ቤት ስንደርስ ሱሪህን እያራገፍክ ሳቅክብኝ፣ ስንት ኪሎ ቲማቲም እንደገዛሁ ስታይ ደግሞ የባሰ ሳቅክ።

ማታ ማታ «መጀመሪያ ጥርስሽን ነው ፒጃማሽን?» ትላታለህ፤ እሷ የመረጠች መስሏት ሁለቱንም ትጨርሳለች። ሳሎኑን በማርከር የሞነጨረች ቀን አንድ እርጥብ ጨርቅ ሰጠሃት፣ አንዱን አንተ ያዝክ፣ እስኪመሽ አብራችሁ ፈተጋችሁት። ያበላሸ ያስተካክላል፣ ብቻውን ግን አይደለም ትል ነበር። እኔ በግማሽ ሰዓት የምጨርሰውን ነው ያን ያህል የፈጀባችሁ።

ከሁሉ ከሁሉ አንሶላው ነው የማይረሳኝ። አልጋዋን ያራሰች ቀን ጠዋት እየተቁለጨለጨች ስትመጣ «አሃ፣ ማታ ዘንቧል» ትላታለህ። ከዚያ አንሶላውን ገፍፋችሁ፣ አጥባችሁ፣ አንዱን ጫፍ አንተ፣ አንዱን ጫፍ እሷ ይዛችሁ፣ በጓሮ በኩል ባለው በረንዳ ገመዱ ላይ ትሰቅሉታላችሁ። አንተ ስትጨምቀው እሷ በትንሽ እጇ ትጠመዝዛለች። ነውር የሚባል ነገር በዚያ ጠዋት ቤታችን አልገባም። ቆይታም እያደር ተወችው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አንተም አታመልጥም።

ፋሲካ በመጣ ቁጥር ያን የበርበሬ ታሪክህን ታወራለህ። በልጅነትህ ለእንግዳ የተቀመጠውን እንቁላል ጠጥተህ፣ እትዬ አስካለ ከሰሉ ላይ በርበሬ በትነው፣ በጋቢ ሸፍነው እንዴት እንዳጠኑህ። ሳልህን ታስመስላለህ፣ ንፍጥህን ታስመስላለህ፣ የእሳቸውን «ሁለተኛ ትሰርቃለህ?» ታስመስላለህ። ቤተ ዘመዱ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። እሳቸውም በኩራት «እሱ ነው ሰው ያደረገው» ይላሉ። እኛ አገር የልጅነት ግርፊያ የበዓል ጨዋታ ነው፤ ማን የበለጠ እንደተመታ ፉክክር ይመስላል። አንተ ከሁሉ አብልጠህ ታስቅ ነበር።

ሳቁን ለእሳቸው ሰጥተህ ቀሪውን ለእኔ ሰጠኸኝ። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት በርበሬ ድስት ላይ ሲያርብኝ መስኮቱን ሁሉ ከፋፍተህ በረንዳ ላይ ስትንቀጠቀጥ አገኘሁህ። ጎረቤት በርበሬ በቆላ ቁጥር ቁልፍህን ይዘህ «ምስማር ልገዛ» ብለህ ለምን እንደምትወጣ ያን ቀን ገባኝ። ጭሱ አይደለም የማይረሳኝ አልከኝ። ጭሱ ውስጥ ጭንቅላቴን የያዘው እጅ የሚያጎርሰኝ እጅ መሆኑ ነው አልከኝ። ለእህቴ ለእታለም እንዳትነግሪያት፣ ታዝናለች ብለህም አስማልከኝ። ልጅ ስንወልድ ራሴ እነግራታለሁ አልክ። ወለድን፣ ልጅቷ ቆመች፣ ሮጠች፣ አንተ በየፋሲካው ማሳቅህን ቀጠልክ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው። ያላረምከው አረም የበቀለው ሄራን ላይ ነው።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ልጅቷ አልጋ ማርጠብ እንደገና ጀመረች። አልነገረችኝም። አንሶላውን ጠቅልላ አልጋ ሥር ደብቃው በጠረኑ ነው ያገኘሁት። ስጠይቃት ዓይኗ ወደ ሳሎን ይሄዳል።

ከዚያ መብራት በጠፋበት ቀን የሱቁ ስፌት መኪናዎች ስለቆሙ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ተመለስኩ። ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ጉሮሮዬን ያዘኝ። በርበሬ ነው። በርበሬ እየቆላ ያለ ሰው መሆን አለበት ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ፣ ግን የሚቆላ በርበሬና እሳት ላይ የተጣለ በርበሬ ሽታቸው አንድ አይደለም። የቀረውን ደረጃ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

የከሰል ማንደጃው ሳሎን መሀል ነው። እትዬ አስካለ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆመዋል፣ ራሳቸውም እየሳሉ ያለቅሳሉ። ሄራን ሶፋው ጀርባ ተወሽቃ የዚህችን ጠረጴዛ እግር አቅፋለች። ገና አልያዟትም ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀና ብዬ ሳይህ ሁለቱ ዓይኖችህ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል። ያ የቁስል ፕላስተር፣ መሳቢያው ውስጥ ያስቀመጥከው። የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርባ፣ እዚያ ላይ ወጥታ ነው የለጠፈችው። እንዴት ሳትወድቅ ቀረች የሚል ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

እትዬ አስካለ «የወንድሜን ዓይን ደፈነችው» ይላሉ። «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ አሳወረችው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ዛሬ ያልተቀጣች ነገ ምን ልትሆን ነው?» ይላሉ። ክፋት አልነበረም ፊታቸው ላይ፣ ይሄንን ልመስክርላቸው። ፍርሃት ነበር። ወንድማቸው ሁለተኛ ጊዜ እንደሞተባቸው ነው የሚያለቅሱት።

እኔ እንደ አንተ አይደለሁም። ጮህኩ። ባልዲ ውኃ ማንደጃው ላይ ደፋሁ፣ ወለሉ ጥቁር ሆነ። አንተ የሠራሃቸውን መስኮቶች ሁሉ ከፈትኩ። ለእትዬ አስካለ በዕድሜዬ ለትልቅ ሰው ተናግሬው የማላውቀውን ተናገርኩ፣ እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ሶፋው ጀርባ ሄራን አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘዴ አስቤ አይደለም፣ መቆም አቅቶኝ ነው። ግን እዚያ ስቀመጥ ዓይኔ ከዓይኗ እኩል ሆነና አንተ ትዝ አልከኝ። ለምን አደረግሽው አላልኳትም። ፕላስተሩ ለምን እንደሆነ ንገሪኝ አልኳት።

«እስኪደርቅ ነው» አለችኝ።

አልገባኝም። እጄን ይዛ መኝታ ቤት ወሰደችኝ። ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ፍራሹ ርሷል። «አባዬ እንዳያይ ነው። ሲደርቅ አነሳለት ነበር» አለችኝ።

ግርማ፣ ያን ጊዜ ያቃጠለኝን ምን ብዬ ልጻፍልህ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ብትነግረው የማያሳፍራት አንድ ሰው ነበራት። አንሶላውን በሌላ በኩል የሚይዝላት ሰው። ከእሱ ነው የተደበቀችው። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲሉ ለጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አንተን ቀበርኩ፣ እሱን እችላለሁ፣ ሞት ነው። እነሱ ግን ከልጄ ልብ ውስጥ አውጥተው ነው ሊቀብሩህ የነበረው፤ ያውም እየወደዷት፣ ያውም ለሥነ ሥርዓቷ ብለው።

አንሶላውን አብረን ገፈፍን። አንዱን ጫፍ ሰጠኋት። ስንሰቅለው «ማታ ዘንቦ ነው» አልኳት፣ እሷም ረስታው ኖሮ አፏን ከፍታ አየችኝ፣ ከዚያ ሳቅ መጣላት።

እሷ ስትጫወት እትዬ አስካለን በረንዳው ላይ አስቀምጬ መሐላህን አፈረስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ፋሲካ ፋሲካ የምትስቀው ሳቅ ውሸት መሆኑን፣ መንቀጥቀጥህን፣ ስለ እጃቸው ያልከውን። አላስተባበሉም። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ደብረ ሲና ሲመጣ በርበሬ በቆላሁ ቁጥር ምስማር ልገዛ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ቤቴ ውስጥ ለማን የሚሆን ምስማር ነው እያልኩ እገረም ነበር አሉ። ተነስተው ገብተው ተኙ።

ከዚያ ወዲያ አኮረፉኝ። ምግብ ይሠራሉ፣ ሄራንን ያጥባሉ፣ እኔን አያናግሩም። አንድ ጊዜ ብቻ ሳህን እያጠቡ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ «ከሞተ በኋላ ከወንድሜ ጋር አጣላሽኝ» አሉ። ግን አልተጸጸትኩም። አንተ በጊዜው ብትነግራቸው ኖሮ አቅፈውህ ያለቅሱ ነበር፣ አሁን ማንን ይቀፉ?

ፎቶህን አወረድኩት። ፕላስተሩን ሄራን ራሷ ላጠችው። በድሪልህ አዲስ ቀዳዳ በሳሁ፣ ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት። ግድግዳው ጋ ቆማ «እዚህ» አለች፣ የራሷን አፍንጫ እየነካች። እዚያው ሰቀልንህ፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ። አባዬ ለምን ተቆጣ ብላ ስትጠይቀኝ አልተቆጣም፣ ፎቶ አንሺው አትሳቅ ብሎት ነው አልኳት። ከላይ ክራባት አድርገህ ከታች በነጠላ ጫማ እንደነበርክም ነገርኳት። ከፍሬሙ ሥር ጎንበስ ብላ እግርህን ልታይ ፈለገች።

ትናንት መካኒሳ አቦ ጸሎተ ፍትሐቱ ከደረሰ በኋላ እንግዳው ቤት ገባ። አጎትህ ጋሽ ታምሩ፣ የቤተሰቡ ታላቅ፣ ገና ጫማቸውን ሲጠርጉ አንተን አዩህ። ፊታቸው ተለወጠ። «የሞተ ሰው እግር ሥር ይጣላል? ምን ዓይነት ንቀት ነው?» አሉ። አንዱን ጎረምሳ ጠርተው «አንሳና ከፍ አድርገው» ብለው አዘዙት። ሄራን ቀሚሴን ጨበጠች። እኔ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፣ ብናገረው ኖሮ ዛሬ ከዘመዶችህ ጋር አንድ ማዕድ አንቀርብም ነበር።

ከማዕዘኑ እትዬ አስካለ ቀደሙኝ። «ይተዉት፣ ጋሽ ታምሩ። ወንድሜ ልጁን ሲያናግር ቁጭ ብሎ ነው» አሉ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ያ ጉልበታቸው እየጮኸ፣ ፎቶህ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ምን እንዳሉህ አልሰማሁም። ረዘም ያለ ነገር ነው ያወሩህ። ለእንግዳው ምግብ ቀርቦ እስኪነሳ ማንም ፍሬሙን አልነካውም።

ሁሉም ተስተካከለ ብዬ እንዳላታልልህ። እትዬ አስካለ ዛሬ ጠዋት ቁርሷን እምቢ ስትላቸው «ጅቡን እጠራዋለሁ» አሏት፤ ቢያንስ ጅቡ ጅብ ነው፣ አንተ አይደለህም። ጋሽ መኩሪያን ገና አላናገርኩትም። ሚስ ፊቷን ታዞርብኛለች። ንዴቴም አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም፤ አንተን የሚጠብቅህ እሱ ነው። አሁንም ልጅን በፍርሃት የሚያሳድግ ሰው ፍርሃቱ ከልጁ ጋር አብሮ እንደሚያድግ የሚያይ ዓይን ስጠው እያልኩ ነው የምጸልየው። ለእኔም ጭምር፣ መጮህ ይቀናኛልና።

ቃል ልግባልህ። ስምህን ለማስፈራሪያ የሚያነሳ ሰው እኔ በሕይወት እያለሁ ከእኔ ጋር ይጣላል። ብስኩቱን፣ ቲማቲሙን፣ የማርከሩን ግድግዳ፣ አንድ ሳላስቀር እነግራታለሁ። ስታድግ ፎቶህን ከቁመቷ ጋር እያነሳሁ እሰቅለዋለሁ፣ ከዓይኗ በላይ ግን አላደርግህም። እኔ ራሴ አልረሳህም፤ ጠረጴዛዋንም አላስጠብቃትም፣ በተነቃነቀች ቁጥር አንተ ነህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ጠዋት ሄራን ከመኝታ ቤት ወጥታ በባዶ እግሯ ቀጥታ አንተ ጋ ሄደች። ከኋላዋ ቆሜ ሰማኋት። «አባዬ፣ ማታ ዘንቧል» አለችህ። ከዚያ አንሶላውን እየጎተተች ስትመጣ ሌላውን ጫፍ ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ። እትዬ አስካለ ቀድመውኝ ይዘውት ነበር።

ያንተው ትዕግሥት